ካሜራ ደቅኖ ግቢያችሁ ለሚገባ ሰው ምን ይደረጋል? ለጎንደር ባለ ግቢዎች የተጻፈ መመሪያ

እናቴ ግቢው መሀል ሰሌን ዘርግታ በርበሬ ትቀነጥሳለች። ሻሿን ወደ ኋላ ሸብ አድርጋለች፤ እጇ እስከ አንጓዋ ቀልቷል። ቀና ስትል አንድ ረጅም ሰውዬ ሦስት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ተንበርክኮ ካሜራ ደቅኖባታል። ከኋላው ሁለት ሰዎች ስልካቸውን ወደ ሰገነቱ ቀስረው ይቀርጻሉ። ጤና ይስጥልኝ የለ፣ ቤቶች የለ። እናቴ ደንግጣ ፊቷን ልትሸፍን እጇን አነሳች። በርበሬው ዓይኗ ገባ። እኔና እህቴ ውሃ ይዘን ስንሯሯጥ ሰዎቹ የፈለጉትን አንስተው ወጡ። አንደኛው በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ አውራ ጣቱን አነሳልን።

ቤታችን ከፒያሳ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። በድንጋይና በጭቃ የተሠራ የድሮ ፎቅ ነው፤ የእንጨት ሰገነት አለው። ጎንደር ውስጥ እንዲህ ዓይነት ቤት ያለው ሰው ምን እንደምል ያውቃል። እንግዳው ጠዋት ፋሲል ግቢ ይገባል። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ የሕዝብ ቦታ ነው፤ ትኬት ይቆረጣል፣ ይታያል፣ ይነሳል። ከዚያ ወጥቶ በየሰፈሩ ሲዞር ያው ጠቆር ያለ ድንጋይ ያጋጥመዋል። በሩ ገርበብ ብሏል። ይኼም የጉብኝቱ ክፍል ይመስለዋል። ፈረንጅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የእኛው ልጅ ለቲክቶክ፣ ለሙሽራ ቪዲዮ፣ ከውጭ አገር የመጣው ደግሞ «አያቴ ያደጉት እንዲህ ዓይነት ቤት ነው» እያለ ይገባል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ ተምሬያለሁ፤ ግማሹን ተሳስቼ ነው የተማርኩት። እናንተ በእኔ ተማሩ።

መጀመሪያ ሦስቱን ነገር ለዩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ፎቶ አነሳ» እንልና ሁሉንም አንድ ላይ እንወቅጠዋለን። ግን ከመንገድ ማንሳት ሌላ ነው፣ ግቢ መግባት ሌላ ነው፣ ምስሉን አደባባይ ማውጣት ደግሞ ሌላ።

ሰውዬው አስፋልት ላይ ቆሞ ሰገነታችሁን፣ አጥራችሁን፣ ከአጥሩ በላይ ብቅ ያለውን ዛፍ ቢያነሳ ተዉት። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ምስሉን የሚጠብቅለት ለሰው ነው፤ ለግንብ አይደለም። ያናድዳል፣ አውቃለሁ። እኔ በዚህ ጉዳይ አንድ ክረምት ሙሉ መንገድ ላይ ተጨቃጭቄ ከራስ ምታት በቀር ያተረፍኩት የለም።

ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። የግል ሕይወትና መኖሪያ ቤት መከበር ሕገ መንግሥቱ ውስጥ አለ፤ አንቀጽ 26 ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም አንቀጽ 13 ላይ ሕግ ከፈቀደው በቀር ማንም ሰው ከባለቤቱ ፈቃድ ውጭ መኖሪያ ቤቱ መግባት እንደማይችል ይደነግጋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 604 ደግሞ ቤቱን ብቻ አይደለም፤ የታጠረ ግቢንም ይጨምራል። ለእኛ ከሁሉ የሚጠቅመን የዚሁ አንቀጽ ሌላው ክፍል ነው። በደኅና የገባ ሰው እንኳ ውጣ ሲባል አልወጣም ካለ ያው ጥፋት ነው። ስለዚህ «በሩ ክፍት ነበር» የምትለው ክርክር ብዙ አታራምደውም። «ውጣ ብለውሃል፣ ለምን አልወጣህም?» ይባላል። ይህ መብት የሚሠራው ደግሞ ካርታው በስሙ ላለ ሰው ብቻ አይደለም። ተከራይታችሁ የምትኖሩበትም ቤት ቤታችሁ ነው።

ሦስተኛው ምስሉን ማውጣት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛት ወይም ለሽያጭ ማቅረብ ይከለክላል። ልብ በሉ፤ የሚናገረው ስለ ማሳየት፣ ስለ ማባዛትና ስለ መሸጥ ነው። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 28 ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ጉዳዮች ይዘረዝራል፦ የታወቀ ሰው ሲሆን፣ ባለሥልጣን ሲሆን፣ ፍትሕ ወይም ፖሊስ ሲፈልገው፣ ለሳይንስ፣ ለባህልና ለትምህርት ሲሆን፣ በአደባባይ የተደረገ ነገር ወይም ሕዝብ የሚመለከተው ሥነ ሥርዓት ሲሆን። ለጥምቀት ወጥታችሁ ጥምቀተ ባሕር ዳር እልል ስትሉ ብትነሱ በዚህ ውስጥ ትገባላችሁ። ግቢያችሁ ውስጥ በርበሬ ስትቀነጥሱ ግን አደባባይ አይደላችሁም። «ለባህል ነው» የሚል ሰው ይመጣል፤ ቢል ይበል፣ በዚህ ላይ መከራከር ይቻላል። ዝም ብሎ ገብቶ ለመውጣት ግን ባህል ምክንያት አይሆንም።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ለአንድ ነገር ነው። ግቢያችሁ ውስጥ የቆመ ሰው ላይ ጉልበታችሁን «አጥፋው!» በሚለው ጭቅጭቅ አትጨርሱ። ጠንካራው ቃላችሁ «ውጣ» ነው። ቀጥሎ «እንዳታወጣው»። «አጥፋው» ሦስተኛ ይመጣል፣ እሱም በልመና።

1. በሩ ይናገር

የጎንደር በር ቀኑን ሙሉ አይዘጋም። ጎረቤት ለቡና ይጠራል፣ ልጅ ይወጣል፣ ልጅ ይገባል። የእኛ ሰው ግን በሩ ክፍት ቢሆንም ደጃፍ ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። ድሮ የመሸበት መንገደኛ እንኳ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ የሚጣራው ከውጭ ሆኖ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ክፍት በር ሲያይ ግባ ያሉት ይመስለዋል።

ስለዚህ ጻፉለት። ሕጉም ይህን ይወዳል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2053 ሰው ቤት ወይም መሬት ላይ በመግባት ስለሚመጣ ጥፋት ሲናገር የባለቤቱ እምቢታ በግልጽ የታወቀ እንዲሆን ይፈልጋል። የእኛ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦

«የግል መኖሪያ ቤት ነው። እባክዎ ሳይገቡ ይጣሩ። ያለ ፈቃድ ፎቶና ቪዲዮ ማንሳት ክልክል ነው።»

ከሥሩ በእንግሊዝኛም ጻፉት፤ ጎኑ ላይ በቀይ መስመር የተሰረዘ ካሜራ ሳሉ። ማንበብ የሰነፈ ሰው ሥዕል ያያል።

አሁን የእኔን ስህተት ስሙ። የመጀመሪያውን ጽሑፍ በወረቀት ጽፌ በላስቲክ ሸፍኜ ለጠፍኩት፤ ሐምሌ ላይ ሟሟ። ሁለተኛውን ቆርቆሮው በር ላይ በዘይት ቀለም አሳምሬ ጻፍኩት። ምን ያደርጋል፣ የጻፍኩበት ቀኑን ሙሉ የምንከፍተው ተካፋች ነው። ጠዋት ሲከፈት ወደ ውስጥ ይዞርና ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ዓመት ሊሞላው ሲል አንድ እንግዳ «የት አለ ጽሑፉ?» ሲለኝ ነው የገባኝ። ጽሑፉን ያነበብነው እኛና ዶሮዎቹ ብቻ ነን። ስለዚህ የማይከፈተው ተካፋች ላይ ወይም ከበሩ ጎን ግንቡ ላይ፣ በቆመ ሰው ዓይን ልክ ጻፉት።

ከጽሑፉ በላይ የሚሠራ ነገር ልንገራችሁ፤ መጋረጃ። በሩ ላይ ቀለል ያለ ጨርቅ ብትሰቅሉ ጎረቤት ገልጦ ይገባል፣ ነፋስም ይገባል፣ መንገደኛ ግን ግቢውን ከውጭ አያየውም። ያላየውን ነገር አይመኝም። መጋረጃ ገልጦ የገባ ሰው ደግሞ «ሳላውቅ ነው» ለማለት ያፍራል። ከመጋረጃው በኋላ የሚገባብን ሰው በግማሽ ቀንሷል ብል አላጋነንኩም።

2. ይዞ የሚመጣውን ሰው አናግሩ

እንግዳ ብቻውን አይመጣም። አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው የእኛው ሰው ነው። አስጎብኚ፣ የሙሽራ ቪዲዮ አንሺ፣ ባጃጅ ነጂ፣ ወይ ደግሞ «ፎቶ! ፎቶ!» እያለ የሚጎትት የሰፈር ሕፃን። እንግዳው ነገ ይሄዳል፤ ይዞት የመጣው ግን በሳምንቱ ሌላ ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ ነገሩን ከእሱ ጋር ጨርሱ።

እንግዳው ፊት አትውቀሱት፤ ያፍርና ይደነድናል። ለብቻው ጥሩት፣ ካገኛችሁ ቡና ላይ። «የእኔ ወንድም፣ ሰው ማሳየትህ ደስ ይለናል። ግን ሳትደውልልኝ እንዳትመጣ» በሉት። ስልካችሁን ስጡት። እኔ እንዲህ ያልኩት አንድ ልጅ አሁን እየደወለ ይጠይቀኛል፤ እንዲያውም ሌሎቹን የሚያስቆምልኝ እሱ ሆኗል።

ቤት ውስጥ ላሉትም ንገሩ። ልጆች ከረሜላና እስክሪብቶ ሲያዩ በሩን ይበረግዱታል። የቤት ሠራተኛችሁ ወይም ዘበኛችሁ እንግዳ መልሱ ካልተባሉ መመለስ ይፈራሉ፤ «ባለቤቶቹ የሉም፣ ሌላ ቀን ይምጡ» እንዲሉ አስለምዷቸው። ይቺ ዓረፍተ ነገር ማንንም አታስቀይምም።

3. ሰውዬው ግቢ ውስጥ ሲቆም

የመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ይወስናል። መሮጥም መጮኽም አያስፈልግም። ቀስ ብላችሁ ሄዳችሁ በካሜራውና በሚነሳው ሰው መካከል ቁሙ። የእናንተ ሸሚዝ ብቻ ሲታየው ራሱ ካሜራውን ያወርደዋል።

ከዚያ ሰላምታ። እሱ ባይሰጣችሁም እናንተ ስጡ። ከዚያ ይቺን ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ማንን ፈልጋችሁ ነው?»

ስድብ የለባትም። ግን መልስም የላትም። ማንንም ፈልጎ እንዳልመጣ፣ ሰው ቤት እንደቆመ ያን ጊዜ ይሰማዋል። አንዱን ይህን ስጠይቀው «ማንንም» አለኝና ወደ ኋላው መራመድ ጀመረ። እኔ ገና ውጣ አላልኩትም።

ካልገባው ቀጥሉ። «ይህ መኖሪያ ቤታችን ነው። ካሜራውን ዝቅ አድርጉልንና ውጭ እንነጋገር።» እያወራችሁ ወደ በሩ ሂዱ። ሰው ወሬ እየሰማ ይከተላል። ግቢ መሀል ቆማችሁ ከተከራከራችሁ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ እዚያው ነው፤ ጓደኛው ደግሞ በጎን ማንሳቱን ይቀጥላል።

አጠራሩን ሰው አይታችሁ ምረጡ። ትልቅ ሰው ከሆኑ አንቱታውን አትንፈጓቸው። «አባቴ፣ እባክዎ ወደዚህ ይለፉልን» ተብለው የወጡ ሰው በኩርፊያ አይወጡም። ጎረምሳን «ወንድሜ» ማለት ይበቃል። ፈረንጅ ከሆነ «ኖ ፎቶ፣ ፕሊስ» ብላችሁ በመዳፋችሁ ወደ በሩ አሳዩት።

አሁንም አልወጣም ካለ «ውጣ» የሚለውን ቃል ግልጽ አድርጋችሁ፣ ጎረቤት በሚሰማው ድምፅ ሁለት ጊዜ በሉ። ሰዓታችሁን እዩ። በኋላ ለፖሊስ የምትናገሩት ይህን ነው።

ሁለት ነገር ግን አደራ።

ስልኩን ወይም ካሜራውን አትንኩ። ታናሽ ወንድሜ አንድ ጊዜ በንዴት የአንዱን ስልክ ቀማው፤ ስልኩ ወደቀና መስታወቱ ተሰነጠቀ። ከዚያ በኋላ ወሬው ሁሉ ስለ ስልኩ ሆነ። ሰውዬው ግቢያችን መግባቱን የሚያነሳ ጠፋ፤ በሽማግሌ ማሠሪያውን ከፍለን ተገላገልን። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1148 ባለይዞታ ይዞታውን የሚነካበትን ሰው በኃይል መከላከል እንደሚችል ይላል። ወዲያው ግን ሁኔታው ከሚጠይቀው በላይ የሆነ ኃይል እንዳይጠቀም ያስጠነቅቀዋል። ካሜራ አንጠልጥሎ ለቆመ ሰው ቡጢ ከልክ በላይ ነው።

ሌላው፣ «ሌባ!» ወይም «ሰላይ!» ብላችሁ አትጩኹ። በተለይ በዚህ ጊዜ። ጎረምሳው ከየጥጋጥጉ ይሰበሰባል፣ ነገሩ ከእጃችሁ ይወጣል፣ አንድ ፎቶ ያነሳ ሰው ሊሞትባችሁ ይችላል።

ሰውዬው በሩ ላይ ደርሶ ከተረጋጋ በኋላ «ያነሳኸውን ልታሳየኝ ትችላለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ብዙዎቹ ያሳያሉ። እናታችሁ ወይም ልጃችሁ ያሉበትን እንዲያጠፋላችሁ ለምኑት። ከስልክ የጠፋ ፎቶ ግን ወዲያው አይጠፋም። አይፎን ላይ ለምሳሌ «በቅርብ የተሰረዙ» በሚባል አቃፊ 30 ቀን ያህል ይቆያል፤ ከዚያም እንዲያጠፋው አብራችሁ ጠይቁ። እምቢ ካለ አትታገሉት። ስሙንና ስልኩን ጠይቁ፣ በመኪና ከመጣ ሰሌዳውን ያዙ፣ «የቤተሰቤን ምስል እንድታወጣ አልፈቀድኩም» በሉትና ይሂድ።

4. ከፈቀዳችሁ በልኩ ፍቀዱ

እምቢ በሉ ብቻ ነው የምትለን እንዳትሉኝ። ደስ ብሎን የምናስገባው ሰው ብዙ ነው። ችግሩ የፈቃዱ ልክ አለመታወቁ ነው።

አንድ ጥር ላይ የሙሽሮች መኪና ደጃፋችን ቆመ። ቪዲዮ አንሺው ብቻውን ገብቶ «አንድ ደቂቃ፣ ደረጃው ላይ ብቻ» አለኝ። እሺ አልኩ። ሙሽራዋ ቬሎዋን ሰብስባ ገባች። ሙሽራው ተከተለ። ከዚያ ሚዜ፣ ከዚያ ሚዜ፣ ከዚያ የሚዜ ሚዜ። ሰገነቱ ላይ አሥራ አንድ ሰው ወጥቶ እስክስታ ሲጀመር የእንጨቱን መንቋቋት ሰማሁ። ሙሽራ ደግሞ ማን ውጪ ይላል? እናቴ እልል ትላለች፣ እኔ ከታች ሆኜ ምሰሶውን ደግፌ እጸልያለሁ። አንድ ደቂቃ የተባለው አርባ ደቂቃ ሆነ። ያረጀ የእንጨት ሰገነት ያላችሁ ሰዎች፣ ከምስሉ በፊት የሰው ቁጥር ወስኑ።

አሁን ይህችን ወረቀት አባዝተን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠናል፦

«ዛሬ ቀን ______ ዓ.ም. አቶ/ወ/ሮ ______ በግቢያችን ከ___ ሰዓት እስከ ___ ሰዓት ፎቶ/ቪዲዮ እንዲያነሱ ፈቅደናል። የሚነሳው ደረጃው፣ ሰገነቱና የፊቱ ግድግዳ ብቻ ነው። ሰገነቱ ላይ በአንድ ጊዜ ከአራት ሰው በላይ አይወጣም። የቤተሰቡ አባላትና ልጆች አይነሱም። ምስሉ የሚያገለግለው ለ______ ብቻ ነው፤ ለማስታወቂያና ለሽያጭ አይውልም። ለሚሰበር ዕቃ አንሺው ኃላፊ ነው።»

ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ፤ አንድ አንድ ቅጂ ትይዛላችሁ። ቅጂ ለማዘጋጀት ጊዜ ከሌለ የተፈረመውን ወረቀት በስልካችሁ አንሱት፣ ያው ነው።

ገንዘብ መቀበልን እንደ ነውር የሚያዩ አሉ። እኔ አላየውም፤ ቤቱን የምንለስነው፣ ቆርቆሮውን የምንቀይረው እኛ ነን። ግን ሳይነጋገሩ የተቀበሉት ብር ኋላ ያስተዛዝባል። ብሩን የሰጣችሁ ሰው ለቡና የሰጣችሁ ይሁን ምስሉን ለመግዛት፣ እሱና እናንተ ለየብቻ ታስባላችሁ። ከተቀበላችሁ ለምን እንደተቀበላችሁ ወረቀቷ ላይ ጻፉ።

የጥምቀት ሰሞን ለብቻው ነው። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ መንገድ ዳር ሰገነት፣ ጣራ ወይም ከፍ ያለ አጥር ያለው ሁሉ ካሜራ በያዘ ሰው ይከበባል። ሰልፉን ማንሳት ይችላሉ፤ የሕዝብ በዓል ነው። ጣራችሁ ላይ መውጣት ግን የእናንተ ፈቃድ ነው። ከበዓሉ ሳምንት በፊት ለማን እንደምትፈቅዱ ወስኑ፣ በዕለቱ ሌላውን «ሞልቷል» በሉ። ድሮን የሚያስነሳ ከመጣ ከግቢያችሁ እንዲያስነሳ አትፍቀዱ። ድሮን ማብረር የመንግሥት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱ ከሌለው ጣጣው ለእናንተም ሊተርፍ ይችላል።

5. ጭራሽ የማይፈቀድባቸው ቀኖች

አራስ ቤት። ወንድ 40፣ ሴት 80 ቀኗ ሞልቶ ክርስትና እስክትነሳ ድረስ ሽማግሌዎቻችን የእንግዳ ዓይን ይፈራሉ። እናንተ ባታምኑበትም አራሷ ሰላም ታግኝ።

ለቅሶ ቤት። ድንኳኑ ደጅ ላይ ስለሚተከል መንገደኛ የአደባባይ ነገር ይመስለዋል። ከእድሩ ሰዎች አንዱን በር ላይ አቁሙና ካሜራ እንዲመልስ ንገሩት። ሐዘንተኛ ራሱ ይህን ማድረግ የለበትም።

የጽዋ ቀንም ልክ እንደዚሁ ነው። የማኅበሩን ሰዎች ሳትጠይቁ እናንተ ብቻችሁን ፈቃድ አትስጡ፤ ቤቱ የእናንተ ቢሆንም የሚነሳው ፊት የእነሱ ነው።

6. ፎቶው ወጥቶ ስታገኙት

የእናቴ ታሪክ አላለቀም። ከወራት በኋላ የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከችልኝ። አንድ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ፣ በር በሚያህል ፍሬም፣ እናቴ ጎንበስ ብላ በርበሬ ትቀነጥሳለች። ሻሹ፣ ሰሌኑ፣ የቀላው እጅ፣ ሁሉም አለ። ከሥሩ የምግብ ቤቱ ስም ተጽፏል።

በመጀመሪያ መረጃ ያዙ። ኢንተርኔት ላይ ከሆነ ስክሪንሾት አንሱ፤ የለጠፈው ሰው ስም፣ ቀኑና ሊንኩ ይታይ። ግድግዳ ላይ ከሆነ ግድግዳውን አንሱት። ብዙ ሰው ተናዶ በመጀመሪያ «አውርድ» ብሎ ይጽፋል፤ ሰውዬው ያወርድና እንዳልነበረ ይሆናል። ፌስቡክም ሆነ ቲክቶክ ላይ ሪፖርት ማድረጊያ አለ፤ ሪፖርቱ የሚደረገው ግን ስክሪንሾቱ ከተያዘ በኋላ ነው።

ቀጥላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 29 ባለ ምስሉ ማሳየቱ ወይም ሽያጩ እንዲቆም ሊጠይቅ እንደሚችል ይላል። ተጠይቆ ወዲያው ካላቆመ የሞራል ካሣ ሊመጣበት ይችላል። ስለዚህ የጠየቃችሁበት ቀን ዋጋ አለው። በቃል ብቻ ጠይቃችሁ ብትመለሱ «መቼ ጠየቁኝ?» ይላል። አጭር ደብዳቤ ይበቃል፦ ይህ የእኔ ምስል ነው፣ ፈቃድ አልሰጠሁም፣ ከዛሬ ጀምሮ እንዲነሳ እጠይቃለሁ። ቀንና ፊርማ። አንድ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ እሱ ምስክር ነው።

ስለ ገንዘቡ እውነቱን ልንገራችሁ። የሞራል ካሣ በሕጉ አንቀጽ 2116 የተቀመጠለት ጣሪያ 1000 ብር ነው። በ1952 ዓ.ም. ትልቅ ብር ነበር፤ ዛሬ ፍርድ ቤት መመላለሻ ባጃጁን አይሸፍንም። ጥርስ ያለው ሌላው ነው። ሰውዬው በምስላችሁ ገንዘብ ካገኘ ፍርድ ቤቱ ባገኘው ጥቅም ልክ ካሣ ሊወስንበት ይችላል። ማስታወቂያ፣ ካላንደር፣ ፖስትካርድ ላይ የወጣ ምስል ካላችሁ ጠበቃ ማናገር ያዋጣል። አንድ ላይክ ያላገኘ ፖስት ከሆነ ደብዳቤውና ሪፖርቱ ይበቁታል።

እኛ ደብዳቤውን ይዘን ስንሄድ የምግብ ቤቱ ባለቤት «እኔ ከፎቶ አንሺ ገዝቼው ነው» አለ። እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ሕጉ ግን የሚያሳየውን ሰው ነው የሚይዘው። ይህን ቀስ ብዬ ነገርኩት። ተቆጣ፣ ቡና አዘዘልን፣ መልሶ ተቆጣ፣ በማግስቱ አወረደው። ፍሬሙን ለእናቴ ላከላት። ሳሎን ውስጥ አቁማ ዓይታ ዓይታ «ይቺን ሻሽ ምነው ባወለቅኳት» አለች። አሁን ቁም ሣጥኑ ኋላ ነው ያለው።

7. ፖሊስ ጣቢያ ከተደረሰ

እዚህ መድረስ ያለበት ሁለት ዓይነት ሰው ነው፤ ውጣ ተብሎ ያልወጣና አንዴ ተነግሮት ተመልሶ የገባ። አንቀጽ 604 በግል አቤቱታ የሚታይ ነው፤ እናንተ ካላመለከታችሁ ፖሊስ በራሱ አይጀምረውም። አቤቱታውም ነገሩንና ሰውዬውን ካወቃችሁበት ቀን አንሥቶ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። «ሽማግሌ ይዞታል» እያላችሁ ቀኑ እንዳያልፍባችሁ፤ ሽምግልናው ይቀጥል፣ እናንተ ቀኑን ቁጠሩ።

ስትሄዱ መታወቂያችሁን፣ የቤቱን ካርታ ወይም የኪራይ ውላችሁን፣ የበሩን ጽሑፍ ፎቶና ሰውዬው የገባበትን ቀንና ሰዓት ያዙ። «ውጣ» ስትሉት የሰማ ሰው ስምም። ያ ሰው ብዙ ጊዜ ቡና ሊጠጣ የመጣ ጎረቤት ነው፤ በወሩ ስትጠይቁት «እኔ እኮ ጀበናው ጋ ነበርኩ» ይላችኋል። ስለዚህ በዚያው ዕለት ያየውንና የሰማውን በወረቀት ላይ አጽፋችሁ አስፈርሙት።